እትዬ እና አራት መቶ አሥራ ሁለቱ ጥያቄዎች

እኔ በዚህ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ስሜን የሚጠራ የለም፤ «ኔትወርክ» ነው የሚሉኝ። ቢሮዬ ካልተገኘሁ «ኔትወርክ የለም» ይባላል፣ ስገባ «ኔትወርክ መጣ» ይባላል፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያው ቀልድ፣ ያው ሳቅ። መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር፣ ቀጥሎ ያናድደኝ ጀመር፣ አሁን መናደዱም ደክሞኛል። ለማንኛውም የማወራችሁ ስለ እኔ አይደለም፣ ስለ እትዬ ነው። እኔ የምገባበት ባጠፋሁት ልክ ብቻ ነው፤ ያጠፋሁት ደግሞ ትንሽ አይደለም።

እትዬ የማተሚያ ክፍሉ ሠራተኛ ናቸው። ክፍሉ ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ሕንፃ ውስጥ፣ ከደረጃው ሥር ነው። ጣሪያው በአንድ በኩል ስለሚያዘቀዝቅ ረጅም ተማሪ ጎንበስ ካላለ ግንባሩን ይመታዋል። ውስጡ ሁለት ማሽን አለ፣ ትልቁና ትንሹ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ክረምት ከበጋ ከወንበራቸው ጀርባ የማይነሳ ግራጫ ሹራብ። መስኮቱ ወደ ብስክሌት ማቆሚያው ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የሚታየው ጎማ ነው።

ወደዚህ ግቢ የመጡት በሃያ ሦስት ዓመታቸው፣ በታይፒስትነት ነው። ያኔ የፈተና ወረቀት የሚባዛው በስቴንስል ነበር፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ቀለም ይሆናል። ስቴንስሉ ቀረና ፎቶኮፒ መጣ። ፎቶኮፒው አረጀና ፕሪንተር መጣ፤ ከፕሪንተሩ ጋር ፍላሽ ይዞ የሚሰለፍ ተማሪ መጣ፣ ከፍላሹ ጋር ቫይረሱ መጣ። አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር «ይሄ ደግሞ ምኑ ነው?» ይላሉ፣ ሳምንት ሳይሞላቸው እኛ ተምረናል ከምንለው በላይ ያውቁታል። እሳቸው ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው የጨረሱት። ይሄንን ሲናገሩ አያፍሩም፤ የማፍረው እኔ ነኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ገመድ አልባው ማተሚያ መጣ። የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ሐሳቡ ደግ ሐሳብ ነበር። ተማሪው ላፕቶፑን ይዞ ዛፍ ሥርም ይሁን ዶርም ይቀመጣል፤ ከግቢው ዋይፋይ ጋር ይገናኛል፤ የሕትመት ገጹን ከፍቶ ፋይሉን ይልካል፤ ከዚያ ማሽኑ ጋ ሄዶ መታወቂያ ካርዱን ሲያስነካ ወረቀቱ ይወጣል። ሰው አያስፈልግም። ይቺን «ሰው አያስፈልግም» የምትለዋን ነገር በሥልጠናው ቀን ማይክ ይዤ በገዛ አፌ ተናግሬያታለሁ። እትዬ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ማስታወሻ ይይዙ ነበር።

በተግባር የሆነውን ልንገራችሁ። እትዬ ኔትወርኩን «አየሩ» ነው የሚሉት። አንድ የምሕንድስና ተማሪ አንድ ቀን ላብ በላብ ሆኖ ገባ፤ እኔ ትንሹን ማሽን እያጸዳሁ ነበር።

«ማዘር፣ አራት ጊዜ ልኬዋለሁ፤ አንዱም አልወጣም» አላቸው።

እትዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው አዞሩ። የቅርብ ነገር የሚታያቸው ያለ መነጽር ነው።

«ወጥቷል እኮ ልጄ» አሉት። «አራቱም ወጥቷል። ዲኑ ቢሮ ነው የወጣው።»

የግቢው ፕሪንተር በሙሉ አንድ ዝርዝር ላይ ነው ያለው፤ የመጀመሪያው የዲኑ ነው፤ የዲኑ ማሽን ደግሞ ካርድ አይጠይቅም። የቸኮለ ተማሪ የመጀመሪያውን ይነካል። ዝርዝሩን እንደዚያ የደረደርኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ቀስ ብለህ ሂድና ጸሐፊዋን እትዬ ልከውኝ ነው በላት» አሉት። «እንዳትሮጥ። ከሮጥክ ፈተና የሰረቅክ ይመስላታል።»

እንዲህ ነው የሚውሉት። አንዷ ላፕቶፗ ከግቢው ዋይፋይ ጋር ሳይሆን ከራሷ ስልክ ጋር ተገናኝቶ «ገጹ አልከፍት አለኝ» ብላ ዓይኗ ዕንባ ያቀራል። አንዱ ፓስዎርዱ ጊዜው አልፎበታል። የሌላው ጽሑፍ ፊደሉ በሙሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል፣ መምህሩ ጋ ለመድረስ ደግሞ አሥር ደቂቃ ነው የቀረው። እትዬ ለሁሉም መላ አላቸው። «እንዴት ይሄን አታውቅም?» ብለው ሰው አያሳፍሩም፤ እኔ ግን አሳፍራለሁ፣ ጠባዬ ነው። ካስተካከሉለት በኋላ «በል አሁን ራስህ ላከው» ይላሉ፤ ተማሪው በገዛ እጁ ሳይልክ ከክፍሉ አይወጣም። የሚማርም አለ፣ በሳምንቱ ያንኑ ይዞ የሚመለስም አለ። ለተመለሰውም ያው ናቸው።

ስድስት ሰዓት ሲሞላ ግን ማንም ቢመጣ አይቆዩም። የያዙትን ጨርሰው፣ ቆልፈው፣ በኋላ በር ይወጣሉ። ቤታቸው ከኋላ በር ሰባት ደቂቃ ነው። አንዳንድ መምህራን «እኚህ ሴትዮ ለምሳ ሲሆን ይበራሉ» እያሉ ያሟቸው ነበር። እኔም አምቻለሁ።

ነገሩ የገባኝ ፍራሽ ተሸክሜ ላግዛቸው ቤታቸው የሄድኩ ቀን ነው። ባለቤታቸውን ጋሼን ከድሮ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ የግቢው አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ ተማሪ አርፍዶ ሲሮጥ ካዩ ቀስ እያሉ የሚነዱ ሰው። ከአራት ዓመት በፊት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰና ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። ንግግራቸውም ሄደ፤ የቀረቻቸው «እሺ» ብቻ ናት። ልጅ አልወለዱም። ቀን ቀን አንዲት ጎረቤት ሾርባና ውኃ ትሰጣቸዋለች፤ ማገላበጥ ግን አትችልም፣ የራሷም ወገብ የተበላሸ ነው። ሐኪሙ አንድ ጎን ላይ ብዙ ሰዓት ከዋሉ ገላቸው እንደሚቆስል፣ ቁስሉ ከጀመረ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ እንደማይድን ነግሯቸዋል።

እትዬ ጫማቸውን አውልቀው በጉልበታቸው አልጋው ላይ ወጡ። አንሶላውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙ።

«በል ሹፌሩ፣ ወደ ግራ መታጠፊያ ደርሰናል» አሉ። «ፍሬቻ አሳይ።»

ጋሼ በደህናው የፊታቸው ግማሽ ፈገግ አሉ። እትዬ በአንድ ትንፋሽ ሳቡና ወደ ግራ አዞሯቸው፣ ትራስ ከጀርባቸው ወተፉ፣ ቁርጭምጭሚታቸው መካከል ጨርቅ አስገቡ፣ ጀርባቸውን ዘይት ቀቡ። ጀርባቸው ንጹሕ ነው። አራት ዓመት የተኛ ሰው ጀርባ አንድ ምልክት የለበትም።

«ጠዋት አዞረዋለሁ፣ ቀትር ላይ አዞረዋለሁ፣ ስመለስ አዞረዋለሁ» አሉኝ ደረጃው ላይ ሲሸኙኝ። «ቀትሩ ከቀረ አለቀልን። እኔን እዚህ ሥራ ላይ የያዘኝ ቀትሩ ነው ልጄ። ሹመት ቢሰጡኝ እንኳ ሌላ ቦታ አልሄድም።»

ከዚያ ወዲህ ማማቱን ተውኩ።

ደብዳቤው የመጣው ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ገመድ አልባው ሥራ ስለጀመረ የማተሚያ ክፍል ሠራተኞች ነገር ይጠናል ይላል። መለኪያው የእርዳታ ገጹ ነው። ችግር የገጠመው ተማሪ ገጹን ከፍቶ ጥያቄ ይመዘግባል፤ ጥያቄው ሲፈታ ደግሞ «ተፈቷል» ተብሎ ይዘጋል። ሦስት ወር ጥያቄው ይቆጠራል፤ ጥያቄ የበዛበት ክፍል ሠራተኛው ይቆይለታል፣ ያልበዛበት ሠራተኛ ወደ አዲሱ ግቢ መዝገብ ቤት ይዛወራል። አዲሱ ግቢ ከከተማው ውጭ ነው፤ ሁለት አውቶቡስ፣ መሄጃው ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል።

እየሮጥኩ እትዬ ጋ ሄድኩ። «የረዱትን ተማሪ ሁሉ ጥያቄ አስመዝግቡት» አልኳቸው። «አንድም እንዳያመልጥዎት። ካልተመዘገበ አልሠሩም ማለት ነው።»

«እሺ፣ አስመዘግባለሁ» አሉ።

በማግስቱ ስመለስ አንድም አልተመዘገበም። ተናደድኩ። እሳቸው ግን እኔን ከማስረዳት ይልቅ የተሰለፈውን ልጅ ጠሩና «ችግርህን ለኔትወርክ ንገረው» አሉት። ልጁ ላፕቶፑ ዋይፋይ አልይዝ ብሎታል። «ታዲያ በእርዳታ ገጹ ላይ መዝግባ» አልኩት። ልጁ አየኝ። «ዋይፋይ አልይዝ ብሎኛል እኮ ነው የምልህ፣ በምን ልክፈተው?» አለኝ።

ዋይፋይ የለኝም ለማለት ዋይፋይ ያስፈልጋል። ይሄንን ገጽ የሠራሁትም እኔ ነኝ። እትዬ አልሳቁብኝም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ችግሩ የተፈታለት ተማሪ ደግሞ ወረቀቱን ይዞ ይበራል እንጂ፣ ያለፈ ችግሩን ሊመዘግብ የሚቀመጥ የለም። ታዲያ ለእሳቸው ለራሳቸው መግቢያ ስም ተሰጥቷቸው እንዳይመዘግቡ፣ ገጹ ከተማሪው ሌላ የሚያስገባው ባለሙያ ብቻ ነው። የማተሚያ ክፍል ሠራተኛ ባለሙያ አይባልም።

እኔም ብልህ ነኝ ብዬ አንድ ዘዴ አመጣሁ። በየቀኑ ሥራ ሊወጣ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ላፕቶፔን ይዤ ከደረጃው ሥር እወርዳለሁ። እትዬ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን እያሻሹ ቀኑን በቃላቸው ይነግሩኛል።

«ግንባሩን የመታው ረጅሙ ልጅ፤ ፓስዎርድ። ሁለቱ ጓደኛሞች፣ አንዱ ካንዱ የማይለዩት፤ ዲኑ ቢሮ ልከው ነው። የሕግ ተማሪዋ፤ ሳጥን ሳጥን የሆነባት። አንድ መምህርም ነበሩ፣ እሳቸውን ተዋቸው፣ ያፍራሉ።»

«አልተውም» እላለሁ፤ መምህሩም ይገባሉ። አንድ በአንድ እመዘግባለሁ፣ አንድ በአንድ «ተፈቷል» ብዬ እዘጋለሁ። ሳይዘጋ ካደረ ገጹ ቀይ ይሆናል፤ ቀይ ደግሞ የሥራ ድክመት ነው ይባላል። እንዲህ እያልን ሦስት ወሩን ጨረስን፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጥያቄ። ከሁሉም ክፍል የበለጠው የእኛ ነበር። የመጨረሻውን ስዘጋ «እትዬ፣ ከእንግዲህ የሚነካዎት የለም» አልኳቸው። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፤ ዛሬ ጥሩ እንቅልፍ እተኛለሁ» አሉ።

ውጤቱ የተነበበው በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ነው። የክፍላችን ኃላፊ ከእኔ በሁለት ዓመት የሚያንስ፣ ወረቀት ሲያነብ ድምፁን የሚያወፍር ሰው ነው። እትዬ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ስድስት ሰዓት እየተቃረበ ነበር።

«በማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ማተሚያ ክፍል» አለ ኃላፊው «አራት መቶ አሥራ ሁለት ጥያቄ ቀርቧል። መቶ በመቶ ተፈትቷል። አማካይ የመፍቻ ጊዜ፣ አርባ ሰከንድ። ሁሉንም የፈታው አንድ ባለሙያ ሲሆን፣ ከክፍሉ ሠራተኛ እገዛ የተጠየቀበት አንድም ጊዜ አልተመዘገበም።»

ከዚያ ስሜን ጠራ። ሙሉ ስሜን፣ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በእኔ መግቢያ ነው የገባሁት፤ ጥያቄውን የዘጋው ተብሎ የሚወጣው ስም የእኔ ነው። አርባ ሰከንድ ያለው ደግሞ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ መዝግቤ እስክዘጋው ያለችው ጊዜ ናት። እትዬ ለአንድ ተማሪ የደከሙበት ሩብ ሰዓት የትም የለም። ጥያቄዎቹን ባልመዘግባቸው እንኳ ይሻላቸው ነበር፤ ባዶ ቁጥር ያጠራጥራል፣ እኔ ግን ያለ እሳቸው ሁሉም እንደሚሠራ ቁጭ ብዬ ማስረጃ ጻፍኩላቸው።

ተነሥቼ «ስሕተት አለ» ማለት ነበረብኝ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ተነሣሁ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አንገቴን ደፋ አደረግሁ፣ ተቀመጥኩ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ። ዞር ስል እትዬ እያዩኝ ነበር። ከዚያ ሰዓታቸውን አዩና ቀስ ብለው ወጡ። ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሄጄ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ወረቀት እያስተካከሉ ሰሙኝ።

«አንተ ለክፋት አላደረግከውም» አሉኝ። «ይስተካከላል?»

«ይስተካከላል። ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ።»

«እንግዲያው አስተካክለው ልጄ። እኔ ለራሴ አይደለም፣ ቀትሩ ነው።»

ኃላፊው ጋ ገባሁ። ቡና እየጠጣ በፈገግታ ተቀበለኝ። ስነግረው ፈገግታው ቀረ።

«ሥራውን የሠሩት እሳቸው ከሆኑ ስምህ ምን ይሠራል?»

«የመዘገብኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።»

«ማለት ያልሠራኸውን ሥራ፣ ሠራሁ ብለህ መዘገብክ።»

«እንደዚያ ለማለት አይደለም...»

«ወንድሜ፣ ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል። የሚመለሰው አንተ በጽሑፍ ካመንክ ነው። ጻፍና ፈርመህ አምጣ። እኔ ደግሞ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ መምራት ግዴታዬ ነው፣ ቅር እንዳይልህ።»

ወደ ቢሮዬ ተመለስኩና ላፕቶፔን ከፈትኩ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብዬ ጻፍኩ። እዚያ ላይ ቆምኩ። ሁለተኛ ልጃችን ገና አራት ወሯ ነው፤ ኮንትራቴ በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ ሐሰተኛ መዝገብ ተብሎ ፋይሌ ላይ ከገባ ማን ያድስልኛል? ነገ ጠዋት፣ አእምሮዬ ሲረጋጋ እጽፈዋለሁ አልኩ። ነገ ጠዋት ሌላ ሥራ መጣ። ሰው መፍራቱን ለራሱ ሲነግረው ፍርሃት አይለውም፤ እኔ «ጊዜ አጣሁ» ነበር የምለው።

እትዬ በወሩ መጀመሪያ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ግማሽ ቀን ሙሉ እኔን አሠለጠኑኝ፤ ትልቁ ማሽን ወረቀት ሲይዝበት ከፊት መጎተት እንደሌለብኝ፣ የጎን በሩን ከፍቼ ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ መሳብ እንዳለብኝ፣ የተናደደ ተማሪን መጀመሪያ ማስቀመጥ እንደሚያስፈልግ። ይሄን ሁሉ ሲያስረዱኝ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አያቸው ነበር። የመጀመሪያ ሳምንት «ጻፍክ?» አሉኝ። «እየጻፍኩ ነው» አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት «ደረሰ?» አሉኝ። «ሊደርስ ነው» አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሰላም አሉኝ፣ ስለ ልጄ ጤና ጠየቁኝ፣ ስለ ደብዳቤው ምንም አላሉም። ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ።

የቀትሩን ነገር ያልሞከሩት የለም። የጎረቤቷ ልጅ አንድ ሳምንት አገዘ፤ ከዚያ ሥራ አገኘና ሄደ። ለኃላፊያቸው የምሳ ሰዓት ፈቃድ ጻፉ፤ ከአዲሱ ግቢ ቤት ደርሶ መመለስ ሦስት ሰዓት ነው፣ የትኛው ፈቃድ ይበቃዋል? በአራተኛው ሳምንት የጋሼ ወገብ ላይ፣ ከታች፣ አንዲት ቀይ ነጥብ ወጣች። በሳምንቱ ተከፈተች። የጋሼ ታላቅ እህት ሌላ ከተማ ናቸው፤ ሁለት ጎረምሶች ልጆች ስላሏቸው «እዚህ ቢመጣ ይገላበጣል» ብለው መኪና ይዘው መጥተው ወሰዷቸው። እትዬ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄዱ እሑድ ሊመለሱ ነበር። የሄዱት አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው። ቁስሉ ወደ ደም ገብቶ ኖሮ፣ ጋሼ በተወሰዱ በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ አረፉ። እትዬን የጠሯቸው መዝገብ ቤት፣ መደርደሪያ መሐል ቆመው ፋይል ሲመልሱ ነው።

ለቀብር ከግቢው አውቶቡስ ተሰጠ፤ ጋሼ ይነዱት የነበረው አሮጌው አይደለም፣ አዲሱ ነው። አምስት ሰዓት ተጉዘን ደረስን። ከኋላ ቆምኩ። እንዳያዩኝ ነበር የፈለግሁት፣ አዩኝ። እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«መንገዱ አደከመህ አይደል?» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ደብዳቤውን ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ ሆነ። ሃያ ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። አትሜ፣ ፈርሜ፣ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይቺን ለመጻፍ ሁለት ወር ገደማ ምን አስጠበቀህ?» አለኝ።

ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ፤ አንድ ገጽ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ያን ያህል የፈራሁት ነገር አንድ ገጽ ወረቀት ነበር። ኮንትራቴም ታደሰ።

እትዬን የመለሷቸው በደብዳቤዬ ብቻ አይመስለኝም። እሳቸው ከሄዱ ወዲህ የማተሚያ ክፍሉ ሰልፍ ብስክሌት ማቆሚያው ጋ ደርሶ ነበር፤ የዲኑ ጸሐፊ በየቀኑ የማታውቀው ተማሪ ወረቀት እያወጣች አምርራ ነበር፤ እኔም ሁለት ጊዜ ከተማሪ ጋር ተጣልቼ ነበር። ብቻ በሄዱ በሦስተኛው ወር ላይ ወደ ቦታቸው ይመለሱ የሚል ወረቀት ወጣ።

የተመለሱ ቀን ሰኞ ነበር። ጥቁር ለብሰዋል፣ ከስተዋል። ተማሪው ዜናውን ሰምቶ ቀድሞ ተሰልፎ ጠበቃቸው። «ማዘር፣ እንኳን መጡ» ይላል እያንዳንዱ፤ «እንኳን ደኅና ቆያችሁኝ» ይላሉ፣ ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው ያዞራሉ፣ መነጽራቸውን ይሰቅላሉ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ኬብል የምቀይር መስዬ ቆሜ አያቸዋለሁ። ጠዋቱን ሙሉ ቀና አላሉም።

ስድስት ሰዓት ሲሞላ የያዙትን ጨረሱ። አንድ ቀጭን ልጅ ገና መግባቱ ነበር። «ከሰዓት ና ልጄ፣ አሁን አልችልም» አሉት። ቆለፉ፣ በአጠገቤ አለፉ፣ በእነዚያ በሚቸኩሉ እግሮቻቸው ወደ ኋላ በር ሄዱ። ዘበኛው ገና ሲመጡ አይቶ እንደ ድሮው ከፈተላቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ዘበኛው በሩን እንደያዘላቸው ብዙ ቆሙ። ከዚያ ዞረው ቀስ እያሉ ተመለሱ።

«ምነው እትዬ፣ ረሱ እንዴ?» አልኳቸው። ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«አዎ፣ ረሳሁ» አሉ።

በሩን ከፍተው ገቡ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ወዲያው ተነሥተው ወደ ኮሪደሩ ብቅ አሉና ቀጭኑን ልጅ በዓይናቸው ፈለጉት። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን እየነካካ ነበር።

«ና ልጄ፣ ና አምጣው» አሉት። «አሁን ጊዜ አለኝ።»